ከቆራሌ በ1,500 ብር ተገዝቶ በ45,000 ብር ስለተሸጠው ካርቶን፦ ያገለገለ ዕቃን በኢንተርኔት መሸጥ ለሚያስብ ሰው የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የምኖረው አዲስ አበባ ዳርቻ፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ጎረቤቴ ከቆራሌ በ1,500 ብር የገዛውን አንድ ካርቶን የሙዚቃ ሸክላ በቴሌግራም አስተዋውቆ በ45,000 ብር ሸጦታል። እኔ በአንድ ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ስሆን ከደመወዜ ያጠራቀምሁት 50,000 ብር አለኝ። ከሥራዬ ጎን ለጎን ያገለገሉ ዕቃዎችን እየገዛሁ በኢንተርኔት ብሸጥ ያዋጣኛል? ምን ዓይነት ዕቃ ልግዛ? ዋጋውንስ በምን ላውቅ እችላለሁ? ከሕግ አንጻር የሚያስጠይቀኝ ነገር ይኖራል?»

ምላሽ፦

ጎረቤትዎ ያገኙት ትርፍ ሊሆን የሚችል ነው። ያገለገሉ ዕቃዎችን በመገመት፣ በመግዛትና በመሸጥ ሥራ ላይ የቆየን ሰዎች እንዲህ ያለውን ግዥ አይተናል። ይሁን እንጂ ሠላሳ እጥፍ የሆነው ዋጋ ከየት እንደመጣ ካልታወቀ፣ ወሬው ሰሚውን ከመጥቀም ይልቅ ያለ ዕውቀት ወደ ግዥ ይገፋዋል። ቆራሌው ካርቶኑን የተመለከተው እንደ አሮጌ ፕላስቲክ ነው፤ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ አድርሶ የሚያገኝበትን አስቦ፣ ከዚያ ትንሽ የተሻለ ዋጋ ሲሰጠው ደስ ብሎት ሸጠ። ጎረቤትዎ ግን በካርቶኑ ውስጥ ምን እንዳለ ያውቁ ነበር፤ ባያውቁም እንኳ ማንን መጠየቅ እንዳለባቸው ያውቁ ነበር። ቴሌግራም የሠራው ሥራ ዕቃውን ከፈላጊው ጋር ማገናኘት ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ዓይነት ዕቃ መርጠው ከሻጩም ከገዢውም በተሻለ የሚያውቁት ከሆነ ሥራው ያዋጣዎታል፤ ርካሽ መስሎ የታየዎትን ሁሉ የሚሰበስቡ ከሆነ ግን 50,000 ብርዎን ከጥቂት ወራት በኋላ በረንዳዎ ላይ ተደርድሮ ያገኙታል።

የሚኖሩበት አካባቢ ለግዥ ከመሀል ከተማው ይሻላል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማትና በመልሶ ማልማት ምክንያት ከፒያሳ፣ ከካዛንችስና ከሌሎች ነባር ሰፈሮች የተነሡ ብዙ ቤተሰቦች በከተማዋ ዳርቻ ወደሚገኙ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ገብተዋል። በአንድ ግቢ ውስጥ አርባና ሃምሳ ዓመት የኖረ ቤተሰብ ዕቃውን ጭኖ ሲደርስ፣ ከዋንዛ ወይም ከዝግባ የተሠራው ትልቁ ቡፌ በኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ አልዞር ይላል፤ እንደምንም ቢገባም ሳሎኑን ለብቻው ይሞላዋል። በዚያው ሳምንት ሽያጭ ይጀመራል፤ ከቡፌው ጋርም በውስጡ ለዓመታት ተቆልፎበት የኖረው ሁሉ ይወጣል፦ ሬዲዮ፣ ካሜራ፣ ሸክላ፣ የጽሕፈት መኪና፣ ያልተነካ የሲኒ ስብስብ። ይህን ዕቃ ከእርስዎ ቀድመው የሚያገኙት «ቆራሌው» እያሉ የሚያልፉት ልጆች፣ ፕላስቲክ ሳፋ ይዘው «ልዋጭ» የሚሉት ሴቶችና የብሎኩ ጥበቃዎች ናቸው። ከእነርሱ ጋር መተዋወቅ በማንኛውም ቻናል ላይ ከሚለጠፍ የ«እንገዛለን» ማስታወቂያ ይበልጥ ይጠቅማል። ስልክ ቁጥርዎን ሰጥተው፣ የሚፈልጉትን ዕቃ ፎቶ አሳይተው፣ በኪሎ ከሚያገኙት በላይ እንደሚከፍሏቸው አንድ ሁለት ጊዜ በተግባር ካረጋገጡላቸው ዕቃው ወደ መርካቶ ከመጫኑ በፊት ይደውሉልዎታል።

ከኤምባሲ ሠራተኞችና ውላቸውን ጨርሰው ከሚወጡ የውጭ ዜጎች የሚገኘው ዕቃ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በቦሌና በኦልድ ኤርፖርት አካባቢ ለረጅም ጊዜ የቆዩ ደላሎች አሉበት። የመሥሪያ ቤቶች የንብረት ማስወገድ ጨረታም እንዲሁ ሲፒኦ (በባንክ የተረጋገጠ የክፍያ ማዘዣ) ማስያዝን፣ ብዙውን ጊዜም የንግድ ፈቃድን ይጠይቃል፤ ዕቃውም የሚሸጠው በጅምላ ስለሆነ በ50,000 ብር አይሞከርም።

እርስዎ የሒሳብ ሰው ስለሆኑ ቀጥሎ ያለውን በቀላሉ ይረዱታል። በዚህ ሥራ ትርፍን በእጥፍ መቁጠር ያሳስታል፤ መቁጠር ያለበት ገንዘቡ ምን ያህል ወጪ አስከትሎ በስንት ጊዜ እንደተመለሰ ነው። ለማስረዳት ያህል አንድ የዋንዛ ቡፌ በ6,000 ብር ገዙ እንበል። ለመኪና ኪራይ 2,500፣ ለተሸካሚ 800፣ አሮጌውን ቀለም ልጎ ቫርኒሽ ለሚቀባውና ማጠፊያዎቹን ለሚቀይረው አናጺ 4,000 ብር ከፈሉ፤ ጠቅላላ ወጪዎ 13,300 ብር ደረሰ። በሦስተኛው ወር በ22,000 ብር ሲሸጡት 8,700 ብር አተረፉ። በሌላ በኩል ሞተሩ ጤነኛ ሆኖ ገመዱ የተበጠሰ የጁስ መፍጫ በ1,500 ብር ገዝተው፣ በ200 ብር አስጠግነውና ለትራንስፖርት 100 ብር አውጥተው በሳምንቱ በ2,600 ብር ቢሸጡት የሚያገኙት 800 ብር ብቻ ነው። ሆኖም ያንኑ 1,800 ብር በሦስት ወር ውስጥ አሥራ ሁለት ጊዜ ካመላለሱት 9,600 ብር ያስገኝልዎታል፤ ቡፌው ግን ይህን ሁሉ ጊዜ 13,300 ብር ይዞብዎት፣ ቤትዎንም አጣብቦ ቆይቷል። በየሳምንቱ ጤነኛ የጁስ መፍጫ እንደማይገኝ ግልጽ ነው፤ ለዚህም ነው በሥራው የሚኖሩ ሰዎች አብዛኛውን ገንዘባቸውን ቶሎ በሚሸጡ የቤት ዕቃዎች ላይ አድርገው፣ ጥቂቱን ብቻ ትዕግሥት ለሚጠይቀው ትልቅ ትርፍ የሚያስቀምጡት። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ከ50,000ው ውስጥ 30,000 ብር ገደማ ለፈጣኑ ዕቃ፣ 10,000 ብር ለአንድ ለመረጡት ልዩ ዕቃ አድርጌ የቀረውን ለጥገናና ለመጓጓዣ እይዘው ነበር።

ቡፌና ቁም ሳጥን መግዛትዎ ካልቀረ፣ ፊቱን ከማየትዎ በፊት መሳቢያውን ሙሉ በሙሉ ስበው ያውጡና ጎኑንና ጀርባውን ይመልከቱ። እውነተኛ ጣውላ ከሆነ የእንጨቱ መስመር ከላይኛው ገጽ ወደ ጠርዙ ይቀጥላል፤ ችፑድ ከሆነ ከስሱ ልባጥ ሥር የተጨመቀ ፍርፋሪ ይታያል፤ ውኃ የነካው ችፑድ ደግሞ ያብጣል እንጂ አይታደስም። በመሳቢያው ሥር ጥሩ ዱቄት የመሰለ ብናኝ ካገኙ እንጨቱን የሚበላ ተባይ አለበት ማለት ነውና ዕቃውን ወደ ቤትዎ አያስገቡት።

ወደ ዋጋው ጥያቄ ልለፍ፤ ጀማሪዎች ገንዘባቸውን የሚያጡት በአብዛኛው እዚህ ላይ ነውና። አንድ ሰው ዕቃውን በ30,000 ብር ለጥፎ ማየትዎ ዕቃው 30,000 ብር ያወጣል ማለት አይደለም፤ ሰውየው 30,000 ብር ይፈልጋል ማለት ብቻ ነው። ሊያውቁት የሚገባው የተጠየቀውን ዋጋ ሳይሆን የተሸጠበትን ዋጋ ነው። በእኛ አገር ይህን የሚመዘግብ የተደራጀ ምንጭ ባይኖርም የቴሌግራም ቻናሎች ራሳቸው ብዙ ይናገራሉ። ብዙዎቹ ሻጮች ዕቃው ሲሄድ የቀድሞውን ጽሑፍ አርመው «ተሽጧል» ብለው ይጽፋሉ። የመረጡትን የዕቃ ዓይነት የሚሸጡ ጥቂት ቻናሎችን ተከታትለው የተለጠፈበትን ቀን፣ የተጠየቀውን ዋጋና «ተሽጧል» የተባለበትን ቀን በአንድ ሰንጠረዥ ይያዙ። በሦስት ቀን የሄደው ዕቃ ዋጋው ትክክል ወይም ርካሽ ነበር፤ ዋጋው ሁለት ጊዜ ተቀንሶ እንደገና የተለጠፈው ግን በተጠየቀበት ዋጋ ገዢ የለውም። በውጭ ገበያ የሚፈለጉ ዕቃዎችን በተመለከተ ኢቤይ የተባለው የኢንተርኔት ገበያ የተሸጡትን ብቻ ለይቶ የሚያሳይ መምረጫ አለው፤ ለሸክላ ደግሞ ዲስኮግስ የተባለው ገጽ እያንዳንዱ እትም እስካሁን የተሸጠበትን ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ ዋጋ፣ እንዲሁም ለመጨረሻ ጊዜ የተሸጠበትን ቀን ያስነብባል።

ይህን ሲያደርጉ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት የተለጠፉ ዋጋዎችን እንደ መነሻ አይውሰዷቸው። በዚያ ቀን ብሔራዊ ባንክ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ ከውጭ የሚገቡ አዳዲስ ዕቃዎች ዋጋ ወጥቷል፤ የአዲሱ መወደድ ያገለገለውንም ይዞት ይወጣል። ፍሪጅ፣ ላፕቶፕና የልብስ ማጠቢያ ያለው ሰው በቤቱ የተቀመጠው ዕቃ ከገዛበት በላይ በብር ሲያወጣ ያየው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ግን የብሩ መቀነስ እንጂ የሻጩ ብልሃት አይደለም፤ በሸጡበት ገንዘብ ሌላ ተመሳሳይ ዕቃ መግዛት ካልቻሉ አላተረፉም።

ስለ ሸክላው በዝርዝር ልጻፍ፤ የጥያቄዎ መነሻ እርሱ ነውና። ገዢዎች የሚፈልጉት እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ የወጡትን የአገር ውስጥ አሳታሚዎች ሥራዎች ነው። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ያቋቋመው አምሃ ሪከርድስ እስከ 1975 ድረስ 103 ነጠላ ሸክላዎችን (በየገጹ አንድ ዘፈን የያዙትን ትንንሾቹን) እና 12 አልበሞችን አሳትሟል፤ ካይፋ ሪከርድስና የውጭው ኩባንያ ፊሊፕስም በዚያው ዘመን ብዙ አሳትመዋል። ከዚያ በኋላ ካሴት ገበያውን ወሰደው፤ ሸክላውም በየቤቱ ቡፌ ውስጥ ተረሳ። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ አንድ የፈረንሳይ አሳታሚ የዚያን ዘመን ሙዚቃ በተከታታይ ሲዲ ማውጣት ሲጀምር በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በጃፓን ያሉ ሰብሳቢዎች ዋናውን የዘመኑን እትም መፈለግ ጀመሩ። የታተመው ጥቂት፣ ሳይበላሽ የተረፈው ደግሞ ከዚያም ያነሰ ስለሆነ ዋጋው ወጣ።

የታተመው ጥቂት ነው ስልም ሁሉም ሸክላ ውድ ነው ማለቴ አይደለም። በአንድ ካርቶን ውስጥ ሰባ ሸክላ ቢኖር አብዛኛው የጣሊያን፣ የአሜሪካና የሱዳን ዘፈን ሊሆን ይችላል፤ የካርቶኑን ዋጋ የሚሸከሙት ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ናቸው። እንዲያውም የጎረቤትዎ ሽያጭ ርካሽ እንዳልነበረ እርግጠኛ መሆን አይቻልም፤ ተፈላጊ የሆነ አንድ ነጠላ ሸክላ በጥሩ ይዞታ ላይ ከተገኘ ብቻውን 45,000 ብር ሊያወጣ ይችላል፤ ካርቶኑን በጅምላ የገዛው ሰውም ይህን ሳያውቅ አልገዛም።

ይዞታው ዋጋውን ከማንኛውም ነገር በላይ ይወስነዋል። ሸክላውን በጠርዙና በመሀል ወረቀቱ ብቻ ይያዙት፤ ጣትዎ የሙዚቃውን መስመር አይንካ። ወደ መስኮት አዘንብለው ብርሃኑ በገጹ ላይ እንዲንሸራተት ያድርጉ፤ በአምፖል ፊት ለፊት የማይታየው ጭረት ያን ጊዜ ይታያል። ያገኙትን ጭረት በጥፍርዎ በቀስታ ይዳስሱት፤ ጥፍርዎ ከተሰናከለበት ሲጫወትም ይሰማል፤ ካልተሰናከለ አብዛኛውን ጊዜ ለዓይን ብቻ ነው። ቀጥሎ በመሀል ወረቀቱ ላይ በቀዳዳው ዙሪያ ያለውን ይመልከቱ፦ ማጫወቻ ላይ ሲቀመጥ ቀዳዳውን የሳተበት ምልክት ብዙ ከሆነ ሸክላው ብዙ ተጫውቷል። ከቡና ቤት ወይም ከሆቴል የወጡ ሸክላዎች እንዲህ ናቸው፤ በመሀል ወረቀቱ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ቁጥር ወይም የባለቤት ስም ካለባቸው ደግሞ ዋጋቸው ይበልጥ ይወርዳል። በመጨረሻ ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አስቀምጠው አለመጣመሙን ያረጋግጡ። የውጭ ሰብሳቢዎች ይህን ሁሉ በደረጃ ይጠሩታል፤ «ኒር ሚንት» የተባለው አዲስ የሚመስለው ሲሆን፣ «ጉድ» ይባል እንጂ በጣም የተጎዳው ሸክላ ዋጋው ወደ ኒር ሚንቱ አንድ አሥረኛ ሊወርድ ይችላል። ደረጃውን አሳንሰው የሚጽፉ ሻጮች ደንበኛ ያፈራሉ፤ አጋንነው የሚጽፉት ግን ዕቃው ተመልሶባቸው የፖስታውን ኪሳራ ይሸከማሉ።

ሁለት ጥንቃቄዎች እጨምራለሁ። አንደኛ፣ የእነዚህ ሥራዎች አዳዲስ ድጋሚ እትሞች በገበያ ላይ አሉ፤ ሽፋኑ ላይ ባርኮድ ያለበት ሸክላ እ.ኤ.አ. የ1970ዎቹ መጀመሪያ እትም ሊሆን አይችልም። ሁለተኛ፣ ወፍራሙና በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረው የድሮው ሸክላ ከወደቀ እንደ ሰሃን ይሰበራል፤ በአልኮል ከጸዳም ገጹ ይሟሟል። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀርመን አገር ካስቀረጿቸው ዘፈኖች አንዱ በእጅዎ ቢገባ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ አቧራውን ብቻ አንሥተው፣ ቴሌግራም ላይ ከመለጠፍዎ በፊት የሙዚቃ ታሪክ የሚያጠና ሰው ያማክሩ።

ካረጀ ይወደዳል የሚለው እምነት ብዙ ሰው አክስሯል። በየሳምንቱ «1780 የሚል የብር ሳንቲም አለኝ፣ ስንት ሚሊዮን ያወጣል?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር የንግሥቲቱን የሞት ዓመት 1780ን እንደያዘ ከዚያ ወዲህ በልዩ ልዩ አገሮች ሲመታ ኖሯል፤ ስለዚህ ዓመተ ምሕረቱ የሳንቲሙን ዕድሜ አይናገርም። ክብደቱ 28 ግራም ከጥቂት፣ ከዚህም ውስጥ ንጹሕ ብሩ 833 ከሺህ ሲሆን፣ የአብዛኛው ዋጋ የያዘው የብር ማዕድን ዋጋ ነው፤ የጎደለ ክብደት ያለው ወይም ማግኔት የሚስበው ደግሞ ሐሰተኛ ነው። 1936 የሚል ዓመተ ምሕረት ያለባቸው የዐፄ ኃይለ ሥላሴ የነሐስ ሳንቲሞችም ዓመቱ ሳይለወጥ ለብዙ ዓመታት በብዛት ስለተመቱ እንደ መታሰቢያ እንጂ እንደ ሀብት አይታዩም፤ በዚያው ዓመት ስም የወጣው ሃምሳ ሳንቲም ግን ከብር የተሠራ ስለሆነ ይለይዋቸው።

የሲንጀር የልብስ ስፌት መኪናም እንዲሁ ነው። በመቀመጫው ላይ ያለው ቁጥር በእንግሊዝኛው «ኢ» (E) በሚጀምሩ ሁለት ፊደላት ከተቀደመ መኪናው የተሠራው በስኮትላንድ ክላይድባንክ በነበረው ፋብሪካ ነው፤ ፋብሪካው ግን እጅግ ብዙ መኪና ስላመረተ ሰብሳቢዎች ከፍ ያለ ዋጋ አይሰጡትም። በአዲስ አበባ ዋጋውን የሚሰጠው ልብስ ሰፊው ነው፤ እርሱም የሚጠይቀው ስፌቱ ሳይዘል መሄዱን እንጂ ዕድሜውን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 በሳዑዲ ዓረቢያ «ሲንጀር ውስጥ ቀይ ሜርኩሪ አለ» የሚል መሠረተ ቢስ ወሬ ተናፍሶ የአሮጌ መኪኖች ዋጋ ሰማይ ነክቶ ነበር። የዚያ ወሬ ዘመዶች በአሮጌ ሬዲዮና በአሮጌ ቴሌቪዥን ስም እኛም ዘንድ ይመላለሳሉ፤ እንዲህ ያለ «ገዢ» ሲደውልልዎ ስልኩን ይዝጉ።

ለመጀመሪያው ዓመት የማልመክራቸው ዕቃዎች አሉ። ልባሽ ጨርቅ ወደ አገር ማስገባት የተከለከለ ስለሆነ ከቦንዳ የሚመጣ ልብስ ላይ ገንዘብዎን አያስቀምጡ። ስማርት ስልክም ትርፉ ቀጭን፣ አደጋው ወፍራም ነው፤ ካርቶኑና ደረሰኙ የሌለው፣ *#06# ሲደወል የሚወጣው ቁጥር ከካርቶኑ ጋር የማይመሳሰል ወይም በቀድሞው ባለቤት አካውንት የተቆለፈ ስልክ በምንም ዋጋ ርካሽ አይደለም። የብራና መጽሐፍ፣ የቆየ መስቀል፣ ሥዕለ አድኅኖና ማንኛውም ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከመስጊድ የወጣ የሚመስል ዕቃ ሲቀርብልዎ ደግሞ አይንኩት። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ በእጁ ያለ ሰው የማስመዝገብ ግዴታ አለበት፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም ወንጀል ነው። ለቅርስነት የሚያጠራጥር ነገር ከሆነ የቅርስ ባለሥልጣንን ሳይጠይቁ ለውጭ ገዢ ቃል አይግቡ።

በሽያጭ ጊዜ ዳር መኖርዎ ይከብድዎታል። የቦሌና የሲኤምሲ ገዢ ለ2,600 ብር ዕቃ ቱሉ ዲምቱ አይመጣም፤ «አድራሻዎ የት ነው?» ብሎ መልሱን ሲሰማ ይጠፋል። ስለዚህ ትንንሾቹን ዕቃዎች ለሥራ ወደ መሀል ከተማ በሚሄዱበት ቀን ይዘው፣ ሰው በሚበዛበት ቦታ በቀን ማስረከብን ልማድ ያድርጉ፤ ለከባዶቹ ደግሞ የማድረሻውን ዋጋ ከመጀመሪያው በማስታወቂያው ላይ ይጻፉ። ፎቶውን ጠዋት በመስኮት አጠገብ ያንሡ፤ ከፊት፣ ከኋላ፣ የፋብሪካውን ታርጋና በተለይም ጉድለቱን በቅርብ ያሳዩ። «ስላይትሊ ዩዝድ፣ ምንም የማይለው» ከሚል ማስታወቂያ ይልቅ «የግራ ማጠፊያው ላልቷል፣ ሁለተኛው መሳቢያ ቁልፍ የለውም» የሚለው ቶሎ ይሸጣል፤ ገዢው ሌላ የተደበቀ ነገር እንደሌለ ይገምታልና።

ክፍያን በተመለከተ የሚደርስዎትን አጭር መልእክትም ሆነ ገዢው በስልኩ የሚያሳይዎትን ስክሪንሾት አይመኑ። ከግል ቁጥር ተልኮ የቴሌብር መልእክት የሚመስል ጽሑፍ ማዘጋጀት ለአጭበርባሪ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ዕቃውን ከማስረከብዎ በፊት መተግበሪያውን ከፍተው ወይም *127# ደውለው ገንዘቡ ሒሳብዎ ውስጥ መግባቱን ራስዎ ይዩ፤ ባንክም ከሆነ እንደዚሁ። የሚቸኩልና «ኔትወርክ ነው፣ ይገባል» የሚል ገዢ ካለ ኔትወርኩ እስኪስተካከል አብራችሁ ሻይ ጠጡ።

የሕጉን ጉዳይ በሚመለከት፣ የራስዎን አሮጌ ሶፋ መሸጥና እየገዙ መሸጥ የተለያዩ ናቸው። ለትርፍ ብለው በተደጋጋሚ እየገዙ የሚሸጡ ከሆነ፣ ሱቅ ባይኖርዎትና ሁሉንም በስልክ ቢያደርጉት እንኳ ሥራው ንግድ ነው፤ በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት ምዝገባና ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና ዓመታዊ ግብርም አለበት። ሥራው እንደሚያዋጣዎት ካረጋገጡ ወረዳዎ የንግድ ጽሕፈት ቤት ሄደው ያስተካክሉት፤ የቅጥር ውልዎም ተጨማሪ ሥራ የሚከለክል አንቀጽ እንዳለው ያንብቡ። ከዚህ ይበልጥ የሚያስፈራው ግን የተሰረቀ ዕቃ ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ በንብረት ላይ ከተፈጸመ ወንጀል የተገኘን ዕቃ እያወቀ ብቻ ሳይሆን መጠርጠር እየነበረበት የገዛም ይጠየቃል፤ በጣም ርካሽ መሆኑ ራሱ መጠርጠሪያ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከማንኛውም ሰው ሲገዙ የሻጩን መታወቂያ ፎቶ፣ የዕቃውን መለያ ቁጥር፣ ቀኑንና ዋጋውን የያዘ አንድ ገጽ ወረቀት አስፈርመው ያስቀምጡ። ቆራሌው መፈረም ቢያቅማማ እንኳ ዕቃውን ከየትኛው ብሎክ እንደገዛ ጠይቀው ይጻፉት፤ መናገር ካልፈለገ ዕቃው ይቅርብዎት።

ያልጠየቁኝን አንድ ነገር ጨምሬ ልመልስ። ዕቃውን የሚሸጡልዎት ከነባር ሰፈር የተነሡ እናት ቢሆኑና ካርቶኑ ውስጥ ያለውን እርስዎ አውቀው እርሳቸው ባያውቁስ? ከቆራሌው ጋር ሲሆን ሁለት ነጋዴዎች እየተደራደራችሁ ነው፤ እርሱም የራሱን ዋጋ ያውቃል። ከቤተሰብ ጋር ሲሆን ግን እኔ የምመርጠው በሽያጭ ድርሻ መስማማትን ነው፦ «እማማ፣ ይህ ሸክላ ምናልባት ጥሩ ያወጣል፤ እኔ ልሽጥልዎትና ከተሸጠበት ስድሳው በመቶ የእርስዎ፣ አርባው የእኔ ይሁን» ማለት። ሰዎች ይህን ሲሰሙ ትርፍ መጣል ይመስላቸዋል፤ በሒሳብ ሲታይ ግን አይደለም። ካፒታልዎ አይታሰርም፣ ዕቃው ካልተሸጠ ኪሳራው የእርስዎ አይሆንም፤ በአንድ ብሎክ ውስጥ ደግሞ ወሬ ከአራተኛ ፎቅ ምድር ለመውረድ አንድ ቀን አይፈጅበትም፤ በ1,500 ብር ገዝተው በ45,000 የሸጡበት ቤት ጎረቤት ሁለተኛ አይጠራዎትም። የድርሻ ስምምነቱን ግን በቃል አያድርጉት፤ የዕቃዎቹን ዝርዝር ከነይዞታቸው፣ ከዚህ በታች አይሸጥም የሚባለውን ዋጋ፣ የጥገናና የመጓጓዣ ወጪ ከማን ድርሻ እንደሚቀነስ፣ እንዲሁም እስከ መቼ ካልተሸጠ እንደሚመለስ ጽፈው በሁለት ቅጂ ተፈራርማችሁ አንዱን ለእርሳቸው ይስጧቸው። ለሸክላ ሦስት ወር፣ ለቤት ዕቃ አንድ ወር በቂ ነው።